«ቆጣሪው ተዘግቷል?»

«እኔን የሚያስፈራኝ ነገር ገና አልተፈጠረም!» አለች ወይንሸት፣ የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተንፈራጥጣ ቆማ። የአባቷን ፒንሳ እንደ ጎራዴ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

ጠያቂዋ አክስቷ እትዬ ብዙነሽ ከታች ቀና ብላ ታያታለች። ቁሌቱን ከምድጃው አውርዳ፣ ማማሰያውን ግን ከእጇ ሳታወርድ።

«ደግሞ ጀመረሽ! ውረጂ ብያለሁ። አባትሽ ቅዳሜ ይቀይረዋል።»

«የትኛው ቅዳሜ? አዲሱ ፋን ከነካርቶኑ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ መስቀልም ገናም አለፈው። ትንሽ ከቆየ እኮ ኪራይ እናስከፍለዋለን።»

ይህስ እውነቷን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌው የጭስ ማውጫ ፋን ሰንሰለቱን ሲስቡት ያቃስታል እንጂ ጭስ ማውጣት ከተወ ሰንብቷል። ቅባትና ጥላሸት ተጋግሮበት የጉድጓድ አፍ መስሏል። እትዬ ብዙነሽ ሽንኩርት ባቁላላች ቁጥር ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ባለፈው ሰሞንማ በርበሬው ሲነሳ የዲኬተር ከተማ ተወላጇ ጎረቤታቸው እሳት አደጋ ልትጠራ ስልክ አንስታ ነበር።

«ቆጣሪው ተዘግቷል?» አለች እትዬ ብዙነሽ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ኦ ማይ ጋድ! ዘግቼዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

አልዘጋችውም።

ቆጣሪው፣ ማለትም እሷ ብሬከር የምትለው፣ ያለው ከቤቱ ሥር፣ ቤዝመንት ነው። ወይንሸት ደግሞ ቤዝመንት አትወርድም። ቤተሰቡ ከሱዳን ወደ አሜሪካ መጥቶ ይህን ቤት በተከራየ ሰሞን በከተማው ልጆች እየጠፉ ነበር። አባቷ ያኔ «የቤዝመንቱ በር አይቆለፍም፤ ወደዚያ ዝር እንዳትዪ» ብሏታል። ቁልፉ ወዲያው ተሠራ፤ ፍርሃቷን ግን የሠራላት የለም። ዛሬም በሩን ከፈት አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ አይታ፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ የፋኑን ሰንሰለት ሳበች። ፋኑ ማቃሰቱን አቆመ። ዝም ካለማ ሞቷል አለች በልቧ።

ብሎኖቹን ፈታች። አሮጌውን ፋን ጎትታ ስታወጣ ሁለት ሽቦዎች ተከትለውት መጡ። ሁለቱንም በአንድ ላይ ፒንሳው አፍ ውስጥ አስገባችና ጨመቀች።

ቷ!

ሰማያዊ ብርሃን ዓይኗን መታት። ፒንሳው በረረ፤ ፋኑ እየተንኳኳ ወለሉ ላይ ወደቀ። ወይንሸት እጇን እንደዘረጋች፣ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ምንም የያዛት ነገር የለም። እግሯን አዘዘችው፤ እምቢ አላት። ልጮህ አለች፤ ድምፅ የለም።

እትዬ ብዙነሽ ያየችው ግን ሌላ ነው። መብራት የያዘውን ሰው በእጅ አይነኩትም፤ በደረቅ እንጨት መትተው ነው የሚያላቅቁት።

«እመብርሃን ድረሽ! ልጄን ያዛት!»

ቁሌት የሚንጠባጠበው ማማሰያ ክንዷ ላይ አረፈ። ደገመቻት። ሦስተኛው መቀመጫዋን አገኘ።

«እረ አልያዘኝም! እትዬ! ስቶፕ!»

«ካልያዘሽ ምን ይገትርሻል?»

ወይንሸት ከባንኮኒው ተንሸራትታ ወረደች። የምትመልሰውን ስትፈልግ ዓይኗ ፋኑ የነበረበት ቀዳዳ ላይ አረፈ። የተቆረጠው ሽቦ ጫፍ የቀዳዳውን ቆርቆሮ እየነካ ይንጣጣል። የስንት ዘመን ቅባት ተቀጣጥሏል። ትንሽ የእሳት ምላስ ብቅ ብላ ግድግዳውን ላሰች።

እትዬ ብዙነሽ የውሃውን ጆግ አነሳች።

«ውሃ አይሆንም! መብራት አለው!»

የአክስቷ እጅ አየር ላይ ቆመ። ጣሪያው ላይ ቦግ ብሎ የሚበራውን አምፖል አየች፤ ከዚያ ወይንሸትን አየች።

«ዘግቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«አልዘጋሁም።» አንገቷን ደፋች። «ቤዝመንቱ... መውረድ ፈርቼ ነው።»

ብትቆጣት ይሻል ነበር። እትዬ ብዙነሽ አልተቆጣችም።

«በይ ሂጂ፣ ልጄ። እኔ ብወርድም የቱን እንደምዘጋ አላውቅም። ቶሎ በይ።»

የቤዝመንቱ በር ሲከፈት እርጥብ አፈር ሸተታት። ደረጃው ጀርባ የለውም፤ ከሥር እጅ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷን የሚይዛት መሰላት። ከታች የቤት ማሞቂያው እንደ አውሬ ያጉረመርማል፤ በሆዱ ውስጥ ቀይ እሳት ይታያል።

«እትዬ!» አለች አንድ ደረጃ ወርዳ።

«አለሁ!»

«እትዬ!»

«አለሁ፣ ውረጂ!»

አንገቷን የሸረሪት ድር ዳሰሳት። ጮኸች፤ ግን አልተመለሰችም።

«እትዬ!»

ዝም።

«እትዬ ብዙነሽ!»

ከላይ የጭስ ሽታ ብቻ ወረደ። ያኔ ቤዝመንቱ፣ እጁም፣ አውሬውም ከወይንሸት ልብ ወጡ። አክስቴን ገደልኳት አለች። የቀሩትን ደረጃዎች ዘለለቻቸው፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ሳጥኑን አገኘች፤ ትልቁን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ቁልቁል ሳበችው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጨለመ። ማሞቂያው ጸጥ አለ። እየተደናቀፈች ወደ ላይ ሮጠች።

እትዬ ብዙነሽ አፍና አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና፣ ጨው በእፍኝ በእፍኝ ቀዳዳው ውስጥ ትበትናለች። እሳቱ ጠፍቷል። ጥቁር ጭስ ብቻ ቀርቷል።

«ለምን... ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አፌን አስሬ በምን ልመልስልሽ?»

ወይንሸት አቀፈቻትና አለቀሰች። ያለ ሽንኩርት።

በቀዳዳው የጥር ብርድ እየገባ፣ ከምድጃው ሥር ተጠጋግተው ተቀመጡ። መስኮቱ ደንገዝገዝ ብሏል። የመኪና መብራት ግድግዳውን ጠርጎ አለፈ። አባቷ ዳኛቸው ከኤርፖርት ሥራው መግባቱ ነው።

«አሮጌው ፋን በራሱ ጊዜ ነደደ እንለዋለን» ብላ አንሾካሾከች እትዬ ብዙነሽ። «እኔም እመሰክርልሻለሁ።»

ወይንሸት ለመስማማት ከጫፍ ደርሳ ነበር። ግን ዓይኗ ጨው የተነሰነሰበት ጥቁር ቀዳዳ ላይ ወደቀ።

«አይሆንም። ሳልዘጋ ዘጋሁ ብዬ መዋሸቴን ራሴ ነው የምነግረው።» ንፍጧን በእጅጌዋ ጠረገችና ቀና አለች። «ምን ያደርገኛል? እኔ እንደሆንኩ ማንንም አልፈራም።»

የውጭው በር ቁልፍ ቀጭ አለ።

«እንግዲያው» አለች እትዬ ብዙነሽ፣ «መጀመሪያ ቀሚሴን ልቀቂኝ።»