የቆጣቢው ኩሬ

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ስለ ቁጠባ ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ ኩሬው ታሰረ። ዙሪያውን በሽቦ አጠረው፤ በሩን ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ከኩሬው በቀር የረጠበ ነገር አልተገኘም። ሌላው ሁሉ በሚገባ እየተቆጠበ ደረቀ።

የወንድሙ ሚስት ቀይ ሽንኩርት ተክላ ነበር። የልጆቿ የዓመት ጉሮሮ በእሱ ላይ ነው። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ወደ ዋርሳዋ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። እሱም እንግዶች ሊጎበኙ እንደሚመጡ፣ ኩሬውን ሞልቶ ካላዩት የቆጣቢ መንደር ሽልማቱ እንደሚቀር በትዕግሥት አስረዳት። ሽንኩርቴስ ብትለው፣ ትንሽ እንዲታገሥ ንገሪው አላት። ሽንኩርቱ ግን ሥልጠናውን አልወሰደም።

በዚህ መሐል ኩሬው ይጎድል ጀመር። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ደጋግማ ውሃ የጠየቀች እሷ ናትና ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። ማስረጃ ፍለጋ ማሳዋ ድረስ ወረዱ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል። ሰዎቹ እግር እግራቸውን ማየት ያዙ።

«ጋሼ፣ ብሰርቅማ ኖሮ ሽንኩርቴ ያሳብቅብኝ ነበር» አለችው ሊቀመንበሩን። «ሌባውን ከፈለጉ ቀና ብለው ይዩ።»

ቀና አለ። ከፀሐይ በቀር ማንም የለም። እንዳላገጠችበት ቆጥሮ እየተነጫነጨ ሄደ።

በማግስቱ ጃንጥላውን ዘርግቶ ራሱ ኩሬውን ሊጠብቅ ተቀመጠ። ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን ውሃው ከዳሩ ሸሸት ብሏል፤ የለቀቀው ጭቃ ገና እርጥብ ነው። ዓይኑ እያየ ተዘረፈ። ከመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ፀሐይን የሚቀጣ አንቀጽ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

ደጃፏ ደርሶ ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወልቅ ጥርሱን የሚነቅሉት ይመስል ነበር።

«በይ ውሃውን ውሰጂው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያቺ ሌባ ሳትጨርሰው አፈር ውስጥ ደብቂልኝ። እንግዶቹ ሲመጡ ግን ትመልሺዋለሽ።»

«በሽንኩርት እመልስልዎታለሁ።»

ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ጠብቃ ውሃውን በቦዩ ለቀቀችው፤ መደቡ ጠጥቶ ሲጠግብ ገለባ አለበሰችው። ሊቀመንበሩ ማሳው ዳር ቆሞ፣ ሽልማቱ በሽንኩርቱ ሥር ገብቶ ሲሰወር በዓይኑ ሸኘው።