ከልጄ ወለል ሥር ያለው አመድ

ማዱሊካ መጀመሪያ ወደ ሰፈራችን የመጣችው በብርዱ ወራት ነበር፤ በከተማችን በሞራዳባድ በኩል የሚፈሰው የራምጋንጋ ወንዝ ጭጋግ እስከ ረፋድ ድረስ ከጣራዎቻችን ላይ አይነሣም። በአንድ እጇ የብረት ማንኪያ፣ በሌላው ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች ይዛ በየደጁ እየቆመች አፈር ትለምናለች።

ጎረቤቴ ፉርቃን ደጁ ላይ ቁጢጥ ብሎ የአሮጌ ኮምፒውተር ቦርድ በጉጠት ይፈታታ ነበር። ቀና ብሎ አያትና፣ «እህቴ፣ ሞራዳባድን በማንኪያ እየቆነጠርሽ ዴልሂ ልታደርሺ ነው? የልጅ ልጆችሽም አይጨርሱት» አላት።

«የእርስዎን ደጅ ብቻ ነው የምፈልገው» አለችው ሳትስቅ። «ከእሱም አንድ ማንኪያ።»

«ውሰጂ። ከፈለግሽ ሚስቴንም መርቄልሻለሁ።»

ሚስቱ ከውስጥ ሰምታ፣ «ይዘሽኝ ሂጂ ልጄ፣ ባረፍኩ» አለች።

ከፉርቃን ቀጥሎ ያለው ደጅ የእኔ ነው። ሙስተቂም እባላለሁ። አባቴም አያቴም ነሐስ አቅላጮች ነበሩ፤ እኔም እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ እየሠራሁ ኖሬያለሁ። ኋላ የነሐሱ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ዓለም የጣለው ኮምፒውተርና ስልክ በጭነት መኪና እየተራገፈ ይመጣልን ጀመር። እሳት የሚያውቅ እጅ ሁሉ ወደ ቦርድ ዞረ። ቦርዱን እናቃጥላለን፣ አመዱን እንፈጫለን፣ ሴቶቹ ወንዝ ወርደው በሰፋፊ ሳህን ያጥቡታል። መዳቡ ከሥር ይቀራል። የተረፈው ጥቁር አመድ እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ ነው።

ማዱሊካ ይህን መቃጠል ለማስቆም ከሚሟገት ትንሽ ማኅበር ነበረች፤ በዕድሜ ከልጄ ከጉልናዝ ብዙም አትበልጥም። ቻቻ አለችኝ፤ የአባት ወንድም የሚጠራበት ነው። ሻይ ሰጠኋት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«የታጠበው አመድ የት ይሄዳል?»

«ወንዝ ዳር ይደፋል። መንገዱ ሲቦረቦርም ይሞላበታል።»

«ቤት ውስጥስ ቻቻ? ለግድግዳ ወይ ለወለል የተጠቀመበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኳት።

ይህን ያልኩት ለመዋሸት አስቤ አልነበረም። ጥያቄዋ የሚያስጠይቅ ነገር ያለ አስመሰለው፤ እኔ ደግሞ የልጄን ቤት ስም በእንግዳ ሰው ደብተር ላይ ላሰፍር አልፈለግሁም። እሷም የነገርኳትን ጽፋ፣ ሻይዋን ጨርሳ አመስግና ሄደች።

በእኛ በነሐስ አቅላጮች ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ለአዲሱ ክፍሏ ወለል ከራሱ ምድጃ የወጣ አመድ ይወስድላታል። አመዱ ይነፋል፣ ይረጫል፣ አባትየው ራሱ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል፤ ከዚያ ጡብ ይነጠፍበታል። ምስጥ አይደርስበትም፣ እርጥበትም አይወጣበትም። እሳት ያለፈበት ነገር ንጹሕ ነው፤ አባቴ እንዲህ ይል ነበር፣ እኔም አምኜ አደግሁ። እናቴ የገባችበት ክፍል እንዲያ ነበር የተሠራው፤ ሚስቴም የገባችበት እንዲሁ።

ጉልናዝ ስትዳር ግን የእኔ ምድጃ ነሐስ ካየ አሥራ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ሠላሳ አንድ ጆንያ የቦርድ አመድ ወሰድኩላት። ሦስት ቀን ሙሉ ስረግጥ ዋልኩ። አማቿ ቆማ እያየችኝ፣ «ለልጁ የሚሳሳ አባት እንዲህ ነው» ብላ ለጎረቤቶቿ ስትናገር ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማዱሊካ የአፈሩን ውጤት ይዛ የተመለሰችው ሙቀቱ ሲጀምር ነው። ከመስጊዱ ጎን ባለው ግቢ ሰው ሰበሰበች። ፉርቃን ከፊት ተቀምጦ ወረቀቷን ገና ሳትዘረጋ፣

«አንዴ ቆይ እስቲ» አላት። «ይህ የያዝሽው ስልክ ስንተኛሽ ነው?»

ትንሽ አሰበች። «አራተኛዬ።»

«ሦስቱስ የት ገቡ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አንዱን ትናንት አቃጥየዋለሁ፤ ፎቶሽ ሳይቀር ነበረበት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር። «ልክ ነዎት» አለችው። «የምንጥለው እኛ ነን። የሚታመሙት የእናንተ ልጆች ናቸው። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ከዚያ አነበበች። ቁጥሩ አልገባኝም። የገባኝ ከቁጥሩ በኋላ ያለችው ነው። አመዱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ፤ ትልቅ ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ መሬት ለመሬት የሚድህ ልጅ ግን ጣቱን ሲልስ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ልጁ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይገረጣል፣ ይፈዛል፤ አፉን ሳይፈታ ይቆያል። በሽታ አይመስልም አለች፤ ልጁ ጠባዩ እንዲያ ይመስላል።

የጉልናዝ ልጅ አፍሪን ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነበር። «እማ» እና «ውሃ» ከማለት በቀር አትናገርም። ብዙ ልጅ እንዲያ ነው እንል ነበር።

አርብ ከሶላት በኋላ እንደ ልማዴ ልጄ ቤት ሄድኩ። አፍሪን ወለሉ ላይ ሆና በጡቦቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጣቷ ትከተላለች። ጣቷን አፏ ውስጥ ታስገባና እንደገና ትመልሰዋለች። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነበር። አንስቼ ታቀፍኳት፤ ቀላል ነበረች።

«ጉልናዝ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

«ቆይ አባ፣ መጀመሪያ ይብሉ» አለችና ምስርና ቂጣ አቀረበች። እየበላሁ ሳለሁ ከፊቴ ቁጭ ብላ፣ «የጎረቤቶቼ ወለል በዝናቡ ወራት ሻጋታ አብቅሎባቸዋል፤ አልጋቸው ሳይቀር ሻገተ። እኔ ቤት ጠብታ የለም። አማቴ እንኳ ያቺ ሰው የማታመሰግነው፣ ‹አባትሽ ወለል ያውቃል› አለችኝ» አለች።

ጎረስኩ። ምስሩን ጨርሼ ተነሣሁ። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ሰፊ የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዝቼ አመጣሁላት፤ ለልጅቷ እንዳይቀዘቅዛት ነው አልኳት። ጉልናዝ ስቃ፣ «በዚህ ሙቀት?» አለችኝ። አነጠፈችው። በሳምንቱ ስመጣ አፍሪን የምንጣፉን ጫፍ ገልጣ ከሥሩ ትጫወታለች።

ዛሬ ያላልኩትን ነገ እላለሁ እያልኩ ከረምኩ። በጠበቅሁ ቁጥር ደግሞ የምናገረው ነገር ይበዛብኝ ነበር፤ አመዱ መርዝ ነው ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ባለፈው አርብም አውቅ ነበር፣ ከዚያ በፊት ባለው አርብም አውቅ ነበር ማለት መጣ። ስሄድ «ትበላለች ወይ? ትተኛለች ወይ?» ብቻ እጠይቃለሁ። ጉልናዝ ለቡዳ ነው ብላ ክታብ አሰረችላት። ሐኪም ቤት ወስዳት፣ ደም ማነስ ነው ተብሎ ሽሮፕ ተሰጣት። አማቿ፣ «የኛ ወገን እንደሆነ ገና በጨቅላነቱ ነው አፉን የሚፈታው፤ ይህችስ የወጣችበትን ዘር ነው የመሰለችው» ስትል ከደጅ ሰማሁ። ጉልናዝ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንድመልስላት ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ቀጠልኩ።

አፍሪን አራት ዓመት ሲሞላት ዐሥር ያህል ቃል ነበራት። በዚያው ወር ጉልናዝ ማርገዟን ነገረችኝ። በዚያ ቀን ከእሷ ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ማዱሊካ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበርና ደረጃውን ወጣሁ።

«ቻቻ፣ ምን ሆነዋል? ይቀመጡ።»

«ቤት ውስጥ ያለ አለ ወይ ብለሽኝ ነበር» አልኳት። «አለ።»

የቱን ጥያቄ እንደምል ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባትም። «የማን ቤት?»

«የልጄ። ወለሉ በሙሉ።»

«ያን ጊዜ ነበረ?»

«ነበረ።»

ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣችው፣ ከዚያ ስለ ልጅቷ ዕድሜና ክብደት ብቻ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ለጉልናዝ የምነግራት እኔ እንድሆን፣ እሷ ግን አብራኝ እንድትመጣ ተስማማን። ቃሌን ጠበቅሁ። ጉልናዝ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ምንጣፉን ከገዛሁ ጀምሮ።»

ወደ ወለሉ አየች። ከዚያ አፍሪንን አንስታ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት፤ ያን ቀን ሙሉ እንድትወርድ አልፈቀደችላትም።

የአፍሪንን ደም አስመረመርን፤ ውጤቱ ማዱሊካ ከፈራችው በላይ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለእኔ ብሎ ቃሉን ያለሰልስ ነበር። ከአመዱ ስትርቅ ደሟ ይጠራል፣ አለ፤ የተጎዳው ግን ይመለሳል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ከሁለት ዓመት በፊት ብናመጣት ኖሮስ ብዬ ጠየቅሁት። «ይሻል ነበር» አለ። «ምን ያህል እንደሚሻል ግን ማንም አይነግርዎትም።»

ጉልናዝና ባሏ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አክስቱ ቤት ገቡ። እኔ ዶማና አካፋ ይዤ ወለሉን ልቆፍር ሄድኩ። ማዱሊካ አፌን በእርጥብ ጨርቅ አሰረችልኝ፤ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ታርከፈክፍልኛለች። ከቀትር በፊት ፉርቃን አካፋ ተሸክሞ መጣ።

«ሽማግሌ ብቻውን ሲቆፍር የራሱን መቃብር ነው የሚመስለው» አለና ጎንበስ አለ። እስከ ማታ አካፋውን አላስቀመጠም። አመዱን በጆንያ ስንሞላ ከሠላሳ አንዱ ሠላሳ አራት ሆኖ ወጣ፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ጠቁሮ ስለነበር እሱንም ጨመርነው።

ከዚያ የት እናድርሰው የሚለው መጣ። ወንዝ ዳር ብንደፋው ዝናቡ ወስዶ ከታች ላሉት ያጠጣቸዋል። ማዱሊካ ጥግ ይዛ ስልክ ስትደውል ዋለች። ፈቃድ ያለው ፋብሪካ ቦርድ እንጂ አመድ አይቀበልም። የቆሻሻ መጣያው ኃላፊ ከቤት የወጣ አደገኛ ነገር የሚባል መዝገብ የለንም አላት። ስልኩን ዘግታ ጆንያዎቹ አጠገብ ተቀመጠች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ‹አታቃጥሉ› እያልን ነው የጮኽነው» አለች። «የተቃጠለው የት ይግባ ብለን ጠይቀን አናውቅም።»

«አንድ ማንኪያ ይበቃኛል ብለሽ ነበር እኮ» አለ ፉርቃን። አልሳቀም። ጆንያዎቹን በጋሪ አመላልሰን ድሮ ነሐስ የማቀልጥበት ክፍል ውስጥ ደረደርናቸውና ቆለፍኩበት። እስካሁን እዚያው ናቸው።

በሩን ስቆልፍ ፉርቃን ሳይሄድ ቆመ። «እኔም ለሸባና ወስጃለሁ» አለኝ። ሸባና ራምፑር የተዳረችው ልጁ ናት። «ሃያ ጆንያ። ካንተ አይቼ። ሁለት ልጆች አሏት።»

«ዛሬውኑ ንገራት።»

«አንተ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ደጁ ዝግ ነበር፤ ሚስቱ የራምፑርን አውቶቡስ ይዞ እንደሄደ ነገረችኝ። እኔ በሁለት ዓመት ያልሄድኩትን መንገድ እሱ በአንድ ሌሊት ወሰነ።

ጉልናዝ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጤነኛ ነው። በሰባተኛው ቀን እንደ ወጋችን ፀጉሩ ሲላጭ እኔንም ጠሩኝ። ገላዬን ታጥቤ፣ የታጠበ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። ሰው ነበረ፣ ሥጋና ሩዝ ቀረበ። አፍሪን ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ግቢው ውስጥ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ከእሷ ከሚያንሱት ጋር ነው ያስቀመጧት። ሌሎቹ ሲሮጡ ትሮጣለች፣ ሲቆሙ ለምን እንደቆሙ ለማወቅ ፊታቸውን ታያለች።

ጉልናዝ ሰዉ እያየ ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝና ክንዴ ላይ አኖረችው። «አያትህ ነው» አለችው። ትንሽ ያዝኩት። ዱዓ አደረግሁለትና መለስኩላት።

ስወጣ ጫማዬን ለማድረግ ደጁ ላይ ጎንበስ አልኩ። ከግቢው ጥግ ካለው ፓምፕ ዘንድ የውሃ ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ። ጉልናዝ ሕፃኑን በሌላ ጨርቅ ጠቅልላ ለአክስቲቱ ሰጥታለች። እኔ ሕፃኑን የታቀፍኩበትን ነጭ ጨርቅ ውሃ ሥር ይዛ ታሽ ነበር፤ ታሸዋለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፣ እንደገና ታሸዋለች። አላየችኝም። ጫማዬን አሰርኩና ድምፅ ሳላሰማ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።