ያልተሰቀለው ቀፎ

ሃሌሉያ በቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ተቀምጣ፣ ቀፎውን ጭኗ ላይ አጋድማ የላላውን ሐረግ እያጠበቀች ነበር። ቀፎውን የሠሩት አባቷ ናቸው፤ ዋጫ ለሚኖሩት አጎቷ የሚላክ ነው። ትናንት የሚኒባሱ ጣሪያ በጆንያ ስለሞላ ረዳቱ፣ "እኅቴ፣ እሱን ታቅፈሽ የምትቀመጪበት ቦታ የለም" አላት። እሷም እዚሁ በረንዳ ላይ አስቀምጣው ሄደች። አባቷ ቢሰሙ ጆሮዋን ይቆነጥጧት ነበር። ሽታው ንብ በሚስብ ቅጠል የታጠነ ቀፎ በዚያው ቀን ጫካ ገብቶ ዛፍ ላይ ይሰቀላል እንጂ ሰው መሀል አያድርም።

"ንብ አለበት" አለች ጓደኛዋ ሳምሪ፣ እግሯን ሰብሰብ እያደረገች።

"ሁለት ናቸው። አይተው ይሄዳሉ።"

"እነሱ ቤት የሚያዩት ሊከራዩ ነው።"

ሳምሪ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ጥያቄ መልሳ ወጥታለች። ነገ ሁለቱም እንዲጠመቁ ነጭ ልብስ ተሰፍቶላቸዋል። ጌታን መቼና እንዴት እንደተቀበለ ያልመሰከረ ግን አይጠመቅም። ሳምሪ ቀን አላት፤ ሺሺንዳ መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ ዝናብ ሲመታው፣ እዚያው ቆማ እያለቀሰች ተቀበለች። ሃሌሉያ ቀን የላትም። ስሟን እንኳ እናቷ ያወጡላት ገና በሆዳቸው ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ፣ "አንቺማ ከማኅፀን የተመረጥሽ ነሽ" ይላታል። ተመርጣ ከሆነ የእሷ ድርሻ ምንድን ነው? ካልተመረጠችስ ምን ብታደርግ መንግሥቱ ትገባለች? ሰሞኑን እንጀራ እንኳ ሲቀርብላት ይህንኑ እያሰበች ወጡ ይቀዘቅዝባታል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስትፈራ መሳቋ ነው።

"ሳምሪዬ፣ ፊታቸው ብስቅስ?"

"ምላስሽን ንከሺ።"

"ለቅሶ ቤት ነክሼው ነበር። ነክሼውም ሳቅሁ።"

በሩ ተከፈተ። "ሃሌሉያ፣ ግቢ ልጄ።"

ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡት ጋሽ ዘርትሁንና ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ አበዛሽ። አንዱ ያለውን ሌላው ሳያርም ያለፈበት ስብሰባ የለም።

"ጌታን የተቀበልሽው መቼ ነው?" አሉ እትዬ አበዛሽ።

ሃሌሉያ አፏን ከፈተች። የወጣው ሳቅ ነበር። በእጇ አፈነችው።

"ምን ያስቃል?"

"ይቅርታ እትዬ። ቀን የለኝም። ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል፤ መቼ እንደገባሁ ግን አላውቅም።"

ጋሽ ዘርትሁን ጠረጴዛውን በደስታ መቱት። "ይኸው! ዓለም ሳይፈጠር ለተመረጠ ሰው ቀን ምን ያደርግለታል?"

"እሱ ያንኳኳል፤ የምትከፍተው ልጅቷ ናት" አሉ እትዬ አበዛሽ። "ካልከፈተች ደጅ ቆሞ ይቀራል።"

"ፈጣሪን ደጅ ያስቀሩታል እርስዎ?"

"ሰው አክባሪ ነው! ዘሎ አይገባም!"

"በኃጢአት የሞተ ሰው ተነሥቶ በር ይከፍታል?"

"እርስዎ እኮ ወይዘሮ በዛወርቅን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል። ተመርጣልዎት ከነበረ ምን አመላለሰዎት?"

"መመላለሴም አስቀድሞ የታሰበ ነው!"

ሃሌሉያ ምላሷን ነከሰች። ለጥቂት ጊዜ ሠራ።

በዚህ መሀል ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሻፊ ከመንገዱ ማዶ ጮኸ። "ኧረ እናንተ ሰዎች! ንብ መጣባችሁ!"

በረንዳው ጨለም አለ። መንጋው ጣሪያውን ተሻግሮ እየጮኸ ወረደና ቀፎው ላይ ተከመረ። ሳምሪ ጫማዋን ጥላ ሻፊ ሱቅ ገባች። የተረፉት ንቦች በመስኮት ሲመጡ እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ጠረጴዛው ሥር ገቡ፤ ጋሽ ዘርትሁን ቀድመዋቸው ኖሯል።

"አዩ?" አሉ እትዬ አበዛሽ ከሥር። "ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ወደው መጡ!"

"ወደው? ቀፎውን ማን አዘጋጀ? ማን አጠነው? ሽታው ጎትቷቸው ነው!"

"በረንዳው ላይ የተዉት ባርኔጣዎ እኮ ቀፎው አጠገብ ተቀምጧል። ለምን እሱ ውስጥ አልገቡም? መርጠው ነው!"

"ባርኔጣዬን ማን... ወይኔ ጆሮዬ!"

"ይሄም አስቀድሞ የታሰበ ነው?"

ሃሌሉያ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ግድግዳውን ይዛ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እትዬ አበዛሽም እየሳቁ ነበር። ሳቁ ጋብ ሲልላት ፍርሃቱን ፈለገችው፤ አጣችው። በምትኩ፣ "ይህን አየህልኝ?" ማለት አማራት። ማንን ማለቷ እንደሆነ ደግሞ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ለካ ዕድሜዋን ሁሉ የሚያስቃትን ነገር ቀድማ የምትነግረው ለጌታ ነው።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ዘርትሁን ጆሯቸውን ይዘው ብቅ ብለው፣ "ለመሆኑ መጠመቅ ትፈልጊያለሽ?"

ይህን ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

"አዎ" አለች። ቃሉ ከመፍጠኑ የተነሣ እሷ ያወጣችው ይሁን ራሱ ያመለጣት አላወቀችም። ስለዚህ ቀስ ብላ፣ እየቀመሰችው ደገመችው፤ "እፈልጋለሁ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጠረጴዛው ሥር ተያዩ።

"ቀኑንስ ምን እንበል?" አሉ ጋሽ ዘርትሁን።

"ንብ የገባ ዕለት እንበላ።"

"የገባ ወይስ የተጠራ?"

"ጋሽ ዘርትሁን፣ ያኛውን ጆሮዎንም እንዳያስነድፉት!"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋው ተጠቃሎ ገባ። ሻፊ ከመንገዱ ማዶ፣ "ማሩ ሲደርስ ለጎረቤት ቅድሚያ ነው!" እያለ ይጣራል። ሃሌሉያ ጎንበስ ብላ የቀፎውን አፍ በኮባ ቅጠል ሸፈነች፤ መተንፈሻ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ አስቀረች። ከዚያ፣ ቅድም ጀምራ የተወችውን ሐረግ አዙራ ቋጠረች። ቋጠሮውን በጣቷ ሳብ አደረገችው፤ ጠብቋል። ውስጡ እያዜመ ያለውን ቀፎ አቅፋ ፀሐይ ወደማይደርስበት የበረንዳው ጥግ ወስዳ አስቀመጠችው።