ባለ ስድስት መቶው

ሁለቱ ሌንሶች ጠረጴዛው ላይ ተጋድመዋል።

«ባለ አራት መቶ ሚሊሜትሩ ብርሃን ሲያንስም ያያል» አለ ደሴ ላይ የካሜራ ዕቃ የሚያከራየው ኢስሃቅ። «ባለ ስድስት መቶው ይበልጥ ያቀርባል፤ ፀሐይ ካልጠነከረች ግን አይሆንልህም። ምን ልታነሳበት ነው? ወፍ?»

«ቤት።»

«እግር አውጥቶ ሸሸህ እንዴ?»

ሙዘይን አልሳቀም። ሐይቅ ከተማ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፤ ሩቅ ነገር አንስቶ አያውቅም። ያቀርባል የተባለውን ይዞ ተመለሰ።

ሊያነሳ ያሰበው የጎረቤቱን የእትዬ እናትነሽን እናት ቤት ነው፤ አምባሰል ተራራ ወገብ ላይ። መንገዱ ከተዘጋ፣ ስልኩም ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ከዚያ አገር በእግሩ የመጣ ሰው ገበያ ላይ ከታየ ወዲህ ግን ሰፈርተኛው ሳይጠራ እየመጣ እትዬ እናትነሽ ቤት ይቀመጣል፤ እሳቸው ሲገቡ ወሬው ይቋረጣል። ከእሳቸው ጋር ስለሚቀራረብ ለሙዘይንም የነገረው የለም።

«እማዬ ሞታለች» ብለውት ነበር እትዬ እናትነሽ። «መርዶ ነጋሪው እስኪሟላ ነው የደበቁኝ። ብጠይቅ ደህና ናቸው ይሉኛል። ግቢዋ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ካለ በዓይኔ ልየው።»

ብርሃን እንዲበቃ ብሎ በቀትር ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ይዟቸው ወጣ። ከሜዳው የሚነሣው ሙቀት ተራራውን በሌንሱ ውስጥ እንደ ውሃ ያወዛውዘዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ይርገበገባል። ከሥሩ፣ በእናትየው ግቢ ውስጥ፣ አንድ የነጣ ነገር አለ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ሸራ ሊሆን ይችላል። የጭድ ክምርም ሊሆን ይችላል።»

«በየሠርግ ቤቱ ስንት ድንኳን ያነሳህ ሰውዬ፣ ድንኳን ጠፋህ?»

«አየሩ ነው እትዬ፣ ምስሉን አላስቆም አለኝ።»

«እሺ አቅርበው።»

«ከዚህ በላይ አይቀርብም።»

አየሩ እስኪበርድ ጠበቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መወዛወዙ ቆመ፤ ፀሐይዋ ግን ከአምባሰል ጀርባ ገብታ ገደሉን ጥላ ዋጠው። ሙዘይን ደጋግሞ አነሳ። ካሜራው የሚያሳየው አሸዋ የተበተነበት የመሰለ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ባለ አራት መቶው ቢሆን አሁን ያይ ነበር።

«ነገ ያኛውን አመጣለሁ» አለ።

«መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፣ ሙዜ። ዛሬ ጠዋት ቄሱ ወደ ሰፈር ሲመጡ አይቻለሁ፤ ነጋሪው ተሟልቷል ማለት ነው። አንተ ከደሴ እስክትመለስ እነሱ በሬን አንኳኩተዋል።»

ሙዘይን ሌንሱን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገመው» አሉት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

ፎቶው እንደማይወጣ እያወቀ ሌንሱን ወደ ጨለመው ተራራ አዙሮ ቁልፉን ተጫነ።