የባለጋሪዎቹና የባለባጃጆቹ ግጥሚያ

"አንተ ስንታየሁ! ልጆችህ አለንጋ ካላዩ አይሮጡም እንዴ?" ሲል ጮኸ የባለባጃጆቹ አሰልጣኝ አትክልት ከሜዳው ማዶ።

የዳንግላ ሰው በሳቅ ፈነዳ። የባለጋሪዎቹ አሰልጣኝ ስንታየሁ ግን ሲሰደብ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

"ያንተዎቹን ተመልከት! መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር ይገለበጣሉ!"

እውነትም በዚያችው ቅጽበት ከእንጅባራ ባለባጃጆች አንዱ ሊታጠፍ ሲል ተንሸራቶ በጀርባው ተዘረረ። አሁን ደግሞ አትክልት ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሁለቱ አሰልጣኞች ክረምቱ በወጣ ቁጥር እንዲህ ሲሰዳደቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ስንታየሁ ተሸንፏል። ዘንድሮ አፉ አላርፍ አለውና በሰው ፊት ተወራረደ። ከተሸነፈ በገበያ ቀን አትክልትን ጋሪው ላይ ጭኖ ዳንግላን ያዞረዋል፤ አትክልት ያሻውን ሲሰድበውም ትንፍሽ አይልም። ካሸነፈ ደግሞ አትክልት የባጃጁን ሞተር አጥፍቶ፣ ስንታየሁን ከኋላ አስቀምጦ፣ በእንጅባራ ከጫፍ ጫፍ ይገፋዋል። ማዞሩስ ምንም አልነበር፤ ዝም ማለቱ ነበር ስንታየሁን እንቅልፍ የነሳው።

አንድ ለአንድ ናቸው። አምስት ደቂቃ ቀርቷል። የባለጋሪዎቹ በረኛ ሳይቀር ቦታውን ጥሎ ወደ መሃል ወጥቷል። አጥቂያቸው አየነው ኳሷን ሲያገኛት ስንታየሁ ሜዳ ላይ መሆኑን ረሳ።

"ቼ! አየነው፣ ቼ!"

መስመሩ ላይ የቆሙት ባለጋሪዎች ሁሉ ተቀበሉት። "ቼ! ቼ!"

አየነው ተፈተለከ። ከራሳቸው ጎል ጀርባ ከጋሪው ተፈቶ ሣር ይግጥ የነበረው የስንታየሁ ፈረስ ዳማም ይህን ሰማ። የጌታው ድምፅ ነውና ጆሮውን አቁሞ ተነሳ።

አየነው ተነጠቀ። አንዱ ባለባጃጅ ከሩቅ ጠለዛት፤ ኳሷ ባዶውን ጎል አይታ ቀስ እያለች ተንከባለለች። ልትገባ አንድ እርምጃ ሲቀራት ዳማ በጎሉ ፊት ሲጋልብ ደረሰ። ኳሷ የፊት እግሩን መታችና ወደ ውጭ ወጣች። እሱ ምን ገዶት፤ ሜዳውን አቋርጦ መጣና አፍንጫውን ስንታየሁ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

ሰው በሳቅ እየተንከባለለ ነው። ጨዋታውን የምትዳኘው የስፖርት መምህርቷ ያለምወርቅ ፊሽካዋን ነፋች።

"እንስሳ ገብቶ ኳስ ከነካ ጎል አይባልም። ጨዋታው ካቆመበት ይቀጥላል" አለች።

ባለጋሪዎቹ በደስታ ዘለሉ። አትክልት ግን እጁን እያወናጨፈ ሜዳው መሃል ገባ።

"በረኛችሁ ጭራ አለው ለካ! ደመወዙ ገብስ ነው? ይችንማ ጫግኒ ከተማም ግምጃ ቤት ከተማም ወርጄ አወራታለሁ!"

ስንታየሁ ወደ ባዶው ጎል ዞሮ ተመለከተ። አፈረ። ኳሷ ልትገባ ስትል በዓይኑ በብረቱ አይቷታል። ፈረሱንም ሌላ ሰው አልጠራውም።

"መምህርት፣ ኳሷ ትገባ ነበር" አለ።

"ደንቡ እኮ..."

"ደንቡን አውቀዋለሁ። ፈረሱን የጠራሁት እኔ ነኝ። ጎሉ ይቆጠር።"

"ኧረ አሰልጣኝ! ምን ነካህ?" ብሎ አየነው ራሱን ያዘ።

ያለምወርቅ አንዴ ስንታየሁን፣ አንዴ አትክልትን አየች። ከዚያ ፈገግ ብላ እጇን ወደ መሃል ዘረጋች። ሁለት ለአንድ። አትክልት አፉን ከፍቶ ቀረ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። ስንታየሁ ይህን ሲያይ ደስታው ሊደብቀው ከሚችለው በላይ ሆነበት።

"ስንት ደቂቃ ቀረ?"

"ሁለት።"

"በሉ ልጆች፣ ኳሷን መሃል!" አለና ወደ አትክልት ዞረ። "አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? እስኪያልቅ ድረስ አፌ የራሴ ነው። ወደ ቦታህ!"