ሁለቱ ትሮንዱሮች

ሞቶ ከተቀበረ ስድስት ዓመት የሆነውን ሰው ፕሮፌሰሩ «ባለፈው ሚያዝያ ደሙን በገዛ እጄ ቀዳሁት» አለ፤ ያውም በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ያውም የሟቹ ሚስት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው! ወይኔ፣ ዋናውን ነገር ዘረገፍኩት። ግን እንዴት ልቻል? እሺ፣ ከመጀመሪያው።

ራንቫ የደሴቶቻችን ዋና ከተማ የቶርስሃቭን ልጅ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የአንጀት ብግነት ከየት እንደሚመጣ ታጠናለች። በሽታው ራሷም አለባት። ሲነሳባት በቀን አሥር ጊዜ ሽንት ቤት ትሮጣለች፣ ደም ታያለች፣ ታጥባ ትመለስና ሥራዋን ትቀጥላለች። እኛ ደሴቶች ላይ ደግሞ በዚህ በሽታ የታመመ ዘመድ የሌለው ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በጀልባ በዝናብ፣ ከመንደር መንደር እየዞረች ደም ሰበሰበች፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እየጠየቀች የዘር ሐረጉን ሠራች። ሥራው የሷ ነው። በቃ የሷ ነው።

ከዚያ ከኮፐንሃገን ፕሮፌሰር ሞንራድ መጣና አለቃዋ ሆነ። ሽቶው ከሱ ቀድሞ በበር የሚገባ ዓይነት ሰው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር የቤት ስሞቹን ከመዝገቡ ማጥፋት ነው። እኛ ጋ እኮ ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። ትሮንዱር ዮንሰን የሚባል ሰው ሞልቷል፣ ስለዚህ የላይኛው ሜዳ ትሮንዱር፣ የወንዝ ዳሩ ትሮንዱር እያልን ነው የምንለየው። ራንቫ እንዳያጠፋቸው ለመነችው። እሱ የመንደር ቅጽል ስም የሚጻፍበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ የለም ብሎ ሳቀባት።

ኮምፒውተሩም ሁለቱን ትሮንዱሮች፣ የተወለዱት በአንድ ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ሰው አድርጎ አጣበቃቸው። የላይኛው ሜዳው ሞቷል፤ የወንዝ ዳሩ እስከዛሬ በጎቹን ይሸልታል። በሁለቱም ቤት ብዙ ሕመምተኛ አለ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የማይዛመዱ ሁለት ቤተሰቦች የአንድ አያት ልጆች መሰሉ። ፕሮፌሰሩም በሽታውን የሚያወርሰውን ዘረመል አገኘሁት ብሎ ጮቤ ረገጠ።

ራንቫ ሐረጉን አንዴ አየችና ስህተቱ ገባት። ልትነግረው ተነሳች። ቢሮው ሳትደርስ ግን ኮሪደሩ ላይ ማተሚያው ጥናቱን እየተፋ ነበር፤ በደራሲነት የአምስት ሰው ስም አለበት፣ የሷ የለም። ቢሮው ገብታ ጠየቀችው።

«አንቺ እኮ ደም ነው የሰበሰብሽው ራንቫዬ» አላት፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ፖስተኛ የደብዳቤው ደራሲ አይባልም።»

ልትናገር የመጣችውን ዋጠችው። ፈገግ ብላ «እውነትዎን ነው» አለችና ወጣች።

ውጤቱ ለሕዝብ በሚነገርበት ቀን ጠዋት በባሕሩ ሥር ባለው የመኪና ዋሻ ነድታ ክላክስቪክ ከተማ ሄደች፤ የላይኛው ሜዳው ትሮንዱር ሚስት እማማ ቢርና እዚያ ነው የሚኖሩት። ጥሩ ልብስ ይልበሱ ከማለት በቀር ምንም አልነገረቻቸውም። አምጥታ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ፕሮፌሰሩ ሐረጉን በትልቁ አሳየ። የወንዝ ዳሩ ሰውዬ ደሙን ሲሰጠው ስሜ ይጠራ ብሎ ፈርሞለት ነበር፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ጣቱን ቀስሮ ይሄ የነዚህ ሁሉ ልጆች አባት ትሮንዱር ዮንሰን ነው፣ የቢርና ባል፣ ሚያዝያ ላይ ደሙን እኔ ቀዳሁት፣ ጤንነቱ ደስ ይላል አለ። እማማ ቢርና እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ ልጄ» አሉ። «ጉልበቱስ እንዴት ነው አሁን? እኔ ከቀበርኩት ስድስት ዓመቴ ነው።»

 ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አንድ ዓሣ አጥማጅ የትኛው ትሮንዱር ነው ብሎ ጠየቀ፤ ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ሐረጉ እዚያው ለሁለት ተቀደደ፤ ያ ዘረመል ያለው በአንደኛው ቤት ብቻ ነበር፣ ግኝቱም ፈረሰ። ራንቫ ለእንግዳ የቀረበውን፣ አንጀቷ ይቅር የማይላትን፣ ሩባርብ የሚባል ጎምዛዛ ተክል ያለበት ኬክ ሁለት ቁራሽ በላች። እንዴት እንደጣፈጣት!

ስትመልሳቸው ግን እማማ ቢርና መኪና ውስጥ፣ ዋሻው ሲያልቅ «ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አውቅ ነበር።»

«እና ባሌን መሣሪያ አደረግሽው» አሉ። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ጮክ ብዬ እናገርልሽ ነበር።»

ይሄ ከስድብ በላይ አመማት።

ሰኞ ፕሮፌሰሩ ራሱ በሯን አንኳኳ። ሽቶ የለም፣ ጢሙን አልተላጨም። ሐረጉ እስከ አርብ ካልተስተካከለ ጥናቱ ይዘጋል፣ የመቶ አሥራ አራቱ ሕመምተኞች ደምም ይወገዳል ብሎ የምርምር ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ አስጠንቅቋል። የሰባት ዓመት ልፋቷ ማለት ነው። የትኛው ደም የየትኛው ቤት እንደሆነ ደግሞ ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥናቱ ላይ ስምሽን ሁለተኛ አደርገዋለሁ አላት። አንደኛ አለችው። እሱ አይሆንም አለ።

እሷም በሩን ዘጋችበት። አሁን ረቡዕ ነው፣ የቤት ስሞቹን ዝርዝር ይዛ ቁጭ ብላለች፤ አንዴ ልስጠው ትላለች፣ አንዴ ይቃጠል ትላለች። እኔ ብሆን ይቃጠል እል ነበር... ግን ያ ሁሉ ሰው ደሙን የሰጠው ለሱ አይደለም እኮ። እናንተስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?