የዓሣው ጭራ

ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። አርባ ዓመት የሰው ቤት ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ የተዛነፈ ወለል ካየ እህል አይወርድለትም። እንግድነት በሄደበት ቤት እንኳ ወለሉን በተረከዙ ኳ ኳ አድርጎ ከሥሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን ሳያዳምጥ አይቀመጥም።

አዲስ መንገድ ሊያልፍበት ነው ተብሎ የቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ከተቀባ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የፈነዳ ቱቦ ለመጠገን ጓሮውን ሲቆፍር አካፋው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። አፈሩን ቢጠርገው፣ ጥፍር በሚያካክሉ ባለቀለም ድንጋዮች የተነጠፈ ወለል ሆኖ ተገኘ። መሃሉ ላይ መስቀል፣ ከመስቀሉ ሥር ዓሣ አለ። ፎቶ አንስቶ ለቅርስ ቢሮ ወሰደው።

«የጥንት ክርስቲያኖች ቤተ ጸሎት ይመስላል» አሉት። «እውነተኛ ከሆነ መንገዱ ይዞራል፣ ቤታችሁም ይተርፋል። ሰኞ ባለሙያ እንልካለን፤ እስከዚያ እንዳትነኩት።»

ሚስቱ በደስታ አለቀሰች። እሱ ግን ዓሣውን ባየ ቁጥር ይቁነጠነጣል። ጭራው የለም! ክንድ የሚያህል ቦታ ተቦርቡሮ ባዶ አፈር ሆኗል። የተበሳ ወለል ለእንግዳ ማሳየት ለውሃ ልክ በውስጥ ልብስ በር እንደመክፈት ነው።

«አትንካ ተብለሃል፣ አንተ ሰው!» አለች ሚስቱ።

«ቀዳዳዋን ልድፈናት ብዬ እኮ ነው። እንዲህ ሆኖ ቢያዩት ምን ይሉናል?»

እሁድን ተንበርክኮ ዋለ። ድንጋዩን በፒንሳ ቆራረጠ፣ ቀለሙን አዛመደ፣ ሲሚንቶ በጠበጠ፣ ላዩን በጭቃ አሸው። ሲጨርስ አሮጌው የት እንዳለቀ፣ አዲሱ የት እንደጀመረ ለራሱም ጠፋው። በዕድሜው እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ሰኞ የመጣችው ባለሙያ ቀጥታ ዓሣው ጋ ሄደች። ከጭራው ላይ አንዷን ድንጋይ በቢላዋ ፈለቀቀችና ከሥሯ ያለውን እርጥብ ሲሚንቶ በጣቷ ፈረፈረችው።

«አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

መዋሸት አያውቅበትም። «ሴራሚክ አነጥፋለሁ።»

ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አየች፤ ቀጥሎም እሱን።

«ጭራው ብቻ ነው የእኔ፣ ልጄ! ሌላውን እንኳን ልሠራው ልነካውም አልደፈርኩ! ሌላም ቦታ ፈልቅቂና እዪ!»

«እጅዎ ግሩም ነው» አለችና ደብተሯን ዘጋች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የቢሮ ችኩል ግን የሚነክሰው የሰው ቤት ነው። በሳምንቱ የመጣው ደብዳቤ «ለማታለል ሆን ተብሎ የተሠራ» ይላል።

«በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» አለ ውሃ ልክ። ሚስቱ ዕቃ ማሰር ጀመረች።

ዶዘሩ ቤቱን በአንድ ረፋድ ጨረሰው። ጓሮው ሲደርስ መስቀሉ ጠጠር ሆኖ ተበተነ። ከሥሩ ማንም ያልጠረጠረው፣ የጥንት መቅደስ የሚመስል ግማሽ ክብ የድንጋይ ግንብ ብቅ አለ፤ ውሃ ልክ እጁን እያወናጨፈ ቢጮህም ግንቡ ከአፈሩ ጋር ተገፍቶ ሄደ። ሳይሰበር የተነሳው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጭራው።

ሾፌሩ ወርዶ አቧራውን አራገፈለት።

«ዶዘር እንኳ አልቻለውም እኮ! የድሮ ሰው ሥራ ይኸው ነው። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ከየት ይገኛል?»

«የእኔ ሥራ ነው» አለ ውሃ ልክ።

«አይ አባት!» ብሎ ሳቀ ሾፌሩ። ቁራጩንም በጃኬቱ ጠቅልሎ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጠው።